የማርታ ቀኖና

ነሐሴ 4፣ እሑድ ጠዋት

ሽታው ዛሬም አለ። ክፍሉን ጠራረግሁ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብሁ፣ መስኮቱን በርግጄ የጣናን ነፋስ ለቀቅሁበት። ወይ ፍንክች! የማረፊያ ቤቱን ኃላፊ እትየ ጥሩወርቅን የፍሳሽ ቱቦው ፈንድቷል ብዬ ጨቀጨቅኋቸው። ሳቁብኝ። ልጅ ታሞባቸው ከሩቅ መጥተው እዚህ በነጻ ከተጠጉት ሁሉ አባት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ እናት። ወንድ ስለ ጽዳት ሲያወራ ማን ይሰማል?

ይሁን። ደስታዬን ሽታ አያበላሸውም። በአሥራ ስምንት የትንሿ ልጄ ክርስትና ነው! እኔና ታማሚዋ ልጄ ማርታ ከደልጊ ባሕር ዳር ስንመጣ እናቷ እርጉዝ ነበረች። ማርታ እህቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ፤ ስትስመው ስትስመው መስታወቱ ደበዘዘ። ነገ ትመዘናለች። ኪሎዋ ከጨመረ የመጨረሻውን የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ቤታችን!

አንተ ማስታወሻ፣ እስቲ አሜን በል።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

አልጨመረችም። ቀንሳለች። ዶ/ሯ እንዲህ ሆና መድኃኒቱን አትችለውም ብላ በሳምንት አራዘመችው። ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ወተት አልሁ። እውነቴን ነው፤ ቤቱ ጾምም ቢሆን ለልጆቹ ያዘጋጃል፣ የማመጣላትም እኔው ነኝ። ታዲያ የት ይገባል? ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ነሐሴ 6፣ ረፋድ

ተገኘ! ሽታው ተገኘ! እትየ ጥሩወርቅ አንሶላ ሊቀይሩ የማርታን ፍራሽ ቢያነሡት የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ወተቱንም ከመስኮቱ ሥር ያለው ጽጌረዳ ሲጠጣው ሰንብቷል። ማርታ ፍልሰታን እየጾመች ነው! ለእህቷ ክርስትና እንድታደርሳት ከእመቤታችን ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ለእኔ መንገር አላስፈለገም።

ጮህሁባት። የታመመ አይጾምም፣ ያውም ሕፃን አልሁ። አባባ፣ አንተ ቄስ አይደለህም አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ! እናቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ያለቅሳሉ። እኔ ሁለቱንም።

ከሰዓት

ደልጊ ደወልሁ፣ ለንስሐ አባታችን። አባ በስልክ ሲያወሩ ሐይቁን ማዶ ለማዶ የሚጣሩ ይመስላቸዋል፤ ቤቱ ሁሉ ሰማ። ማርታ ነጠላ ተከናንባ ቆማ አዳመጠች። አልቆጧትም። ሳልፈቅድልሽ ስለጾምሽ ቀኖና አለብሽ አሏት። "በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል፣ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት። ካስተረፍሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ፤ ሰማሽኝ ልጄ?"

"እሺ አባ፣ ይፍቱኝ" አለች። ስልኩን ተሳለመችው።

በላች! የሚሰግድ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ልስማት ብል እጄን ገፋችው፤ ቀኖናዋን እየፈጸመች ነው።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ጨመረች!! አላመንሁም፣ ሚዛኑ ላይ እንደገና አስወጣኋት። መድኃኒቱ ዛሬ ተጀመረ። ስንመለስ እትየ ጥሩወርቅ ከበር ጀምረው እልል አሉ።

ግን። ዶ/ሯ ከመድኃኒቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ከከተማው አትወጣም ብላለች። ክርስትናው አመለጠን ማለት ነው። ማርታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሆስፒታል ተመልሼ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን አቁሙልኝ ብዬ ልለምን ጫማዬን አሠርሁ፣ ፈታሁ፣ አሠርሁ። ለባለቤቴ ደወልሁላት። አላስጨረሰችኝም። መድኃኒቱ እንዳይነካ፣ ክርስትና ባሕር ዳርም አለ፣ ቅዳሜ በጀልባ ይዣት እመጣለሁ አለች። በክረምት፣ በዚያ ማዕበል! አይሆንም አልሁ። ስልኩ ተዘግቷል።

ነሐሴ 15

እኔ ነፋሱን ሳዳምጥ ቤቱ ሠርግ ቤት ሆኗል። ዶሮ ተገዝቷል፣ ሽንኩርት ይከተፋል። እትየ ጥሩወርቅ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ ብለው ራሳቸውን ሾመዋል። እኔንም ሽንኩርት አስከተፉኝ። አለቀስሁ፤ ሽንኩርቱ ነው አልኋቸው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30፣ ወደቡ ላይ

ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ካልጻፍሁ እጮኻለሁ። ዶ/ሯ ማርታ ወደቡ ድረስ እንድትመጣ ፈቅዳለች፦ ጭንብል አድርጋ፣ ከሰው ራቅ ብላ፣ ሕፃኗን ሳትስማት። ማርታ ከጠዋት ጀምሮ ስትዘል ውላ አሁን ተጠግታኝ ቆማለች። ታውቀኛለች ወይ? ትለኛለች። እንዴት አታውቅሽም አልሁ። እኔ ምኑን አውቄ!

ጀልባዋ ታየች! ብቅ ትላለች፣ ትጠልቃለች። ልቤም እንዲሁ። ያቺ ናት ባለቤቴ፣ ባለ ነጭ ጋቢዋ። ቆማለች፤ ተቀመጪ እንጂ ሴትዮ! ገመድ ተጣለ። ወረደች። ውኃ በውኃ ሆናለች፣ ትስቃለች። እጄን ዘረጋሁ፤ አልፋኝ ሄደች። ተንበረከከች፣ ሕፃኗን ማርታ ክንድ ላይ አኖረቻት። ማርታ በስም ጠራቻት። እኛ ገና ስም አላወጣንላትም፣ ለክርስትናው አቆይተነው ነበር! ማን ብላ ነው? አንተ ማስታወሻ፣ ቆየኝ፤ ልጠጋና ልስማ፣ ማን ብላ…