የቢተው ሰማያዊ መብራት ለማን ይሁን

ኮራሉ ተከፈተ! ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አየሁት። ሞተ ብለን የተውነው የባለቤቴ የቢተው ኮራል፣ የጥፍሬን ያህል ሆኖ፣ ከመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ከድንጋዩ ጥግ እንደ አበባ ተከፍቷል። ጎረቤቴ አቶ ሱሌማን ብዕር ይዘው፣ “ወይዘሮ የሺ፣ መጀመሪያ ስምና ቀን ይጻፍ እንጂ” ይሉኛል። ይሁን፣ ይጻፍ።

እኔ የሺአረግ ገብረዋሕድ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ ነዋሪነቴ ሲኤምሲ፣ ዛሬ ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ተናዝዣለሁ። ሰኔ 18 ቀን ለልብ ቀዶ ሕክምና እገባለሁ፤ ብወጣም ባልወጣም ቃሌ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ቤቱ ለልጄ ለሔዋንና ባለቤቴ ቢተው ከእኔ በፊት ለወለዳት ለሉላ እኩል ይሁን። “የእንጀራ ልጅ” የሚል ቃል እዚህ ወረቀት ላይ እንዳይገባ። አቶ ሱሌማን “አሁን እኮ ጻፍኩት” አሉኝ።

ሁለተኛ፣ ወርቄና የሐበሻ ልብሶቼ ለሔዋን። አንዱ ነጠላዬ ግን አይቆጠር፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛ፣ አኳሪየሙ። ቢተው በወጣትነቱ አሰብ ወደብ የሠራ፣ ባሕሩ ከልቡ ያልወጣለት ሰው ነበር። ሳሎናችን ውስጥ በመስታወት ገንዳ የጨው ውሃ አዘጋጅቶ ኮራል ያሳድግ ነበር። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ የሚኖረውም በብርሃን ነው። መብራቱን ለመምረጥ ብቻ ስምንት ወር ፈጀበት። በመጨረሻ ሰማያዊ ይዞ መጣ። “ባሕሩ ወደ ታች ሲወርዱበት ሰማያዊ ነው፤ ኮራሎቹ የለመዱት ይህንን ነው” አለኝ። እኔ ደግሞ፣ “ሳሎኔን መሸታ ቤት አስመሰልከው!” አልኩት።

በ2015 ዓ.ም. ጥር የሔዋን መልስ እቤታችን ሲደገስ፣ ቪዲዮ አንሺው “ሰማያዊው ፊት ያጠቁራል” አለኝ። ቢተውን ሳልጠይቅ መብራቱን አስወርጄ ነጭ ፓውዛ አሰቀልኩ። ሉላ በጆሮዬ፣ “እትዬ፣ ያቃጥላቸዋል፤ ስለ አባዬ ብለው ያጥፉት” አለችኝ። እኔ በሰው ፊት፣ “ያንቺን መልስ በጨለማ እንደግሳለን፤ ባል ከመጣልሽ!” አልኳት። ሰው ሳቀ። ሳቁ እስከ ዛሬ ቪዲዮው ላይ ይሰማል። ሉላ ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያየኋት በአባቷ ቀብር ላይ ብቻ ነው።

እንግዳው ሁሉ “ቤቱ ደመቀ” ስላለኝ ፓውዛውን አላወረድኩም። በሁለት ሳምንት ኮራሎቹ እንደ አጥንት ነጡ። ቢተው አልተቆጣም። “ለእንግዳ ነው ያበራሽው” ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምነው ተቆጥቶኝ በነበር! በዓመቱ ዐረፈ። ፓውዛውን ያጠፋሁት ከተዝካሩ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከድንጋዩ ሥር ምስር የምታህል ቡናማ ነጥብ አየሁ፤ ለካ አንዷ ኮራል አልሞተችም። የቢተውን መብራት ከካርቶኑ አወጣሁ፤ ካርቶኑ ላይ በእጁ “ቀስ በቀስ” ብሎ ጽፎበታል። በመልሱ ቀን የለበስኩትን ነጠላ ለስምንት ቀድጄ፣ ብርሃኑ እንዳይበረታባት በመስታወቱ ክዳን ላይ ደራረብኩት። በየወሩ አንድ ቁራጭ አነሳሁ። አሁን የቀረው አንድ ነው።

ስለዚህ አኳሪየሙ ከነመብራቱ የሉላ ነው። ሔዋንዬ፣ ቅር እንዳይልሽ። ላንቺ የመልሱን ቪዲዮ ትቼልሻለሁ፤ ድምፁን ሳትቀንሺ እይው። እናትሽ ያን ቀን ምን እንደተናገረች ልጆችሽም ይወቁ።

አቶ ሱሌማን፣ “ይቅርታውን በስልክ ቢጨርሱት አይሻልም?” አሉኝ። አይሻልም። ስድቤን አገር ሰምቶታል፤ ይቅርታዬንም አገር ይስማው።

ይህ ቃሌ ለእኔና ለምስክሮቼ ተነቦ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ የሺአረግ ገብረዋሕድ
ምስክሮች፦ አቶ ሱሌማን፣ ወ/ሮ ዘርፌ፣ አቶ ኃይለኪሮስ፣ አቶ ሚስባህ

ቆዩ፣ አትነሱ፤ አንድ ነገር ይጨመርና ከሥሩ እንደገና እንፈርማለን። የመጨረሻዋን ቁራጭ የምታነሳው ሉላ ናት። ለዚህ የምጠራበትን የጥሪ ወረቀት እኔው ራሴ ቦሌ አራብሳ ድረስ ወስጄ በሯ ላይ እቆማለሁ። እምቢ ካለችኝ ቁራጯ ባለችበት ትቆይ፤ ማንም እንዳይነካት። እናንተም፣ ያን መልስ የበላችሁና የሳቃችሁ ሁሉ፣ ይቅርታዬን ልትሰሙ እዚሁ ሳሎኔ ኑ። ጾም ነውና ዓሣ እንዳትጠብቁ! ቀኑ እሑድ ሰኔ 15፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።