የአራተኛው ካርታ ጎንና ጎን

ውድ ጥጉ፣

ማክሰኞ በስልክ ለጠየቅከኝ ነገር «ቆይ፣ ፋይሎቹን ልይና እነግርሃለሁ» ብዬህ ዘጋሁት። ዋሸሁህ። የማየው ፋይል የለኝም፣ መልሱንም ገና ሳትጨርስ አውቄዋለሁ። «ዓይኔ ከመቼ ጀምሮ እንደከዳኝ ካርታዎቼ ላይ ሳይታወቅ አይቀርም፤ አንድ በአንድ የሞከርሻቸው አንቺ ነሽ፣ እስኪ ከየትኛው ጀምሮ እንደሆነ ንገሪኝ» ነበር ያልከኝ። ድሮ አንድ በር ለምን አልከፈት እንዳለ ስትጠይቀኝ በነበረው ድምፅ ነው የጠየቅከኝ። ተቆጥተህ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልህ እህትህ እንደሆኑ አውቃለሁ። እትዬ፣ እኔና ወንድምዎ ስንሠራ የኖርነውን ነገር እርስዎ «የልጅ ጨዋታ» እያሉ ሲስቁብን ስለኖሩ መጀመሪያ እሱን ላስረዳዎት፤ አለዚያ የቀረው አይገባዎትም። አንድ የድሮ የተኩስ ጌም አለ። ተጫዋቹ ጠመንጃ ይዞ፣ በራሱ ዓይን የሚያይ እየመሰለው፣ ከክፍል ክፍል እየዞረ ከጭራቅ ጋር ይታኮሳል። ጌሙ ቢያረጅም ወዳጅ ስላልጠፋለት የእኛ ቢሮ አዲስ ማስፋፊያ፣ ማለትም ተጨማሪ ካርታ እየሠራ ያወጣለታል። ካርታ የምንለው ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ መብራቱን፣ ጭራቁ አድብቶ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ነው። እሱን የሚሠራው ወንድምዎ ነው። እኔ ደግሞ እየተጫወትኩ የተበላሸውን እለቅማለሁ፣ መብራቱን አስተካክላለሁ። ሥራችን ይኸው ነበር።

ጥጉ ብለን ስም ያወጣንልህ ጭራቆችህን ሁሉ ጥግ ጥጉን ስለምታስቀምጣቸው ነው። «ፊት ለፊት የቆመ ጭራቅ ሥራ ፈት ነው፤ ሰው የሚደነግጠው ከጎኑ ነው» ትል ነበር። ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ አስቀምጠህ መብራት ታበራበታለህ። እኔ ሞኟ ስንት ጊዜ ተሸውጄ፣ አሁንም ወደ ቁልፉ እሮጣለሁ። ያኔ የግራው ግድግዳ ይከፈታል። አንተ ወንበርህን ጎትተህ አጠገቤ ትቀመጥና ስክሪኑን ትተህ እጄን ነበር የምታየው። እጄ ማውሱን ለቆ ሲዘል እንባህ እስኪመጣ ትስቃለህ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ በጩኸቴ ተማሮ ለአለቃችን ስሞታ ያቀረበበትን ቀን ታስታውሳለህ። አለቃ ሊቆጣን ወጥቶ፣ እሱም ቁጭ ብሎ ሞክሮ፣ ከእኔ ብሶ ጮኸ።

ጥያቄህን ልመልስልህ። ከአራተኛው ካርታ ጀምሮ ነው። የሁለተኛው ማስፋፊያ አራተኛ ካርታ፣ የውኃ ማመላለሻ ጣቢያው። ቢሮው ቀለም በተቀባበት ሳምንት ነው የሰጠኸኝ።

ስገባበት ጭራቆቹ ሁሉ መሀል ለመሀል ተሰልፈው ቆመዋል፣ ወረፋ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ግድግዳው ግራና ቀኙ ባዶ ነው፤ ቧንቧ የለው፣ ዝገት የለው፣ ግራጫ ብቻ። በግራ ያለውን በር ብከፍተው ከኋላው ክፍል የሚባል ነገር አልሠራህለትም። መብራቱ ደግሞ ጥላ እስኪጠፋ ድረስ ቦግ ብሏል። አንዴም ሳልደነግጥ በስድስት ደቂቃ ጨረስኩት። አንተ እንደ ልማድህ አጠገቤ ተቀምጠህ እጄን ታያለህ፤ እጄ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ጥሩ ነው» አልኩህ።

ያኔ ብናገር ኖሮ። «ጥጉ፣ ጎንና ጎኑን ረሳኸው እኮ» ማለት ምን ይከብዳል? በሆዴ ግን «ሰውዬው አለቀለት» አልኩ። ከአለቃ ጋር ተጋጭተህ ነበር፣ ቤትም እየቀየርክ ነበር፤ ደክሞታል ብዬ አሰብኩ፣ አዘንኩልህም። ቅስምህን ላለመስበር ምሳ ስትወጣ ጠብቄ ፋይሉን ከፈትኩት። ከጭራቆቹ ሁለቱን ከምሰሶ ጀርባ ወሰድኳቸው፣ መብራቱን ቀነስኩ፣ ግድግዳውን ቧንቧና ዝገት አለበስኩት። ከዚያ ያንተው ላይ ደርቤ ሴቭ አደረግኩት።

በማግሥቱ ቁጭ ብለህ ተጫወትከው። ከግራ ምሰሶ የወጣው ጭራቅ ሲመታህ ወደ ቀኝ ዞርክ። እንደገና ጀመርክ፣ አሁንም ወደ ቀኝ ዞርክ። እዚያው ቦታ ሦስት ጊዜ ሞትክ። «የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼው ነው፣ እርጅና መጣ» ብለህ ሳቅክ። ጥጉ፣ ሰው ከግራ እየተመታ ወደ ቀኝ ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አይቼ፣ ሰውዬው ምን ሆነ አላልኩም። ያልኩት ሌላ ነው። ጌታውን አስደነገጥኩት አልኩ። ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ከዚያ በኋላ የራስህን ካርታ መጫወት ተውክ። ራሴን ያመኛል አልክ፣ እኔም ሥራው ስለቀለለኝ ደስ አለኝ። አንድ ካርታ ብቻ ቢሆን ደግነት ነው ብዬ ልከራከርህ እችል ነበር። ከአራተኛው እስከ አሥራ አንደኛው፣ ስምንት ካርታ፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ እንዲያ እያደረግኩ ምኑ ነው ደግነቱ? ወድጄው ነው። ተጫዋቾቹ «ሰውዬው ራሱን በለጠ፣ ጎንና ጎኑ ነፍስ ያስወጣል» ብለው ሲጽፉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልህ ነበር። አንተ «እግዜር ይስጣቸው» ትላለህ። እኔ ስሜ የሌለበት ሙገሳ በጆሮዬ ሲንቆረቆር ፊቴ ይግላል። ይሄንን ለማንም ሰው ነግሬ አላውቅም።

አለቃ እንኳ ነቅቶ ነበር። ከበሩ ጠርዝ ጋር መላተም አበዛህ፣ በግራህ ያለ ብርጭቆ ሁሉ በክርንህ ይወድቃል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁሞኝ «ይሄ ሰውዬ ዓይኑን ታይቷል?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ካርታዎቹን አላየሃቸውም እንዴ? ዓይኑን ያመመው ሰው እንዲህ ይሠራል?» አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝ፤ ካርታዎቹ በእርግጥ ጥሩ ነበሩ።

እትዬ፣ እርስዎም ሐኪም ቤት ሂድ እያሉ ዓመት ሙሉ እንደለመኑት አውቃለሁ። መንገድ ሲሻገር መኪና ሊበላው እንደነበረ ነግረውኛል። እሱ እርስዎን እንዴት ዝም እንዳሰኘዎት ደግሞ እየሳቀ አውርቶልኛል። የተጫዋቾቹን ደብዳቤ አንድ በአንድ አነበበልዎትና «ዓይኑ የታመመ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው?» አለዎት። እርስዎ ምን ይበሉ? ያነበበልዎት ሁሉ የተጻፈው ስለ እኔ ሥራ ነበር። ይበልጥ አጥብቄ በያዝኩት ኖሮ እያሉ ራስዎን እንደሚወቅሱ ሰምቻለሁ። እባክዎ ይተዉት፣ የእርስዎ አይደለም።

ከቢሮው ደረጃ የወደቅክ ቀን ሐኪም ቤት ይዤህ የሄድኩት እኔ ነኝ። ኮትህን ይዤ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። የዓይን ግፊት ነው አለ ዶክተሩ፤ ሳያም ሳይጠዘጥዝ ከጎን ከጎን እየበላ የሚሄድ። ግራው አልቆለታል፣ ቀኙ መስኮትና ግድግዳ ለመለየት ያህል ቀርቶታል፣ የሄደው አይመለስም፤ ከዓመት በፊት መጥቶ ቢሆን የነበረውን ይዘን እናቆይለት ነበር አለ። አንተ «ምንም ምልክት አላየሁም እኮ ዶክተር፣ ሥራዬ እንኳ አልወረደም» አልከው። እኔ ያን ጊዜም ወለሉን ነበር የማየው።

ካርታዎቹን በአንተ እጅ እንደተሠሩ ልስጥህ ብል እንኳ የሉም። ስምንቱንም ያንተው ላይ ደርቤባቸዋለሁ፣ አንድ ቅጂ አላስቀረሁም። ማክሰኞ ከደወልክ ወዲህ የማስበው እነሱን ነው። ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ያ ባዶ ግድግዳ ስህተት አልነበረም። ዓለም ለአንተ እንደዚያ ሆና ስለታየችህ እንደዚያ ሠራሃት። ዓይንህ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው እዚያ ውስጥ ነበር፣ እኔ አስቀያሚ ነው ብዬ አጠፋሁት። አሁን እንደገና ሊሠራው የሚችል ሰው የለም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ብትለኝስ ምን ይመለሳል? ሐሙስ ዕለት በአፌ ልነግርህ መጥቼ ነበር። በረንዳው ላይ ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙረህ ተቀምጠሃል፣ እትዬ በመንገዱ ማን እንደሚያልፍ እየነገሩህ ነው። አጥሩ ጋ ቆሜ እኔንም እንዳይነግሩህ ፈራሁና ተመለስኩ።

እትዬ፣ እኔ መናገር ያቃተኝን ይኸው በእርስዎ አፍ አስነገርኩት። እዚህ ሲደርሱ እሱ ሁሉንም ሰምቷል፣ መልሶ መሸፈን አይቻልም። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሉት እኔም አላውቅም፤ አምስት ቀን ሙሉ አስቤ ምንም አላገኘሁም።

ሳታስፈቅድህ ያስተካከለችው