ሳይጠይቁ ያጸዷቸው ፈረሶች
የአቶ ኤግበርት ሎይፐርት የሕይወት ታሪክ (1938–2022 እ.ኤ.አ.)

አቶ ኤግበርት ሎይፐርት ከአባታቸው ከመስታወት ሠራተኛው ከአቶ ኮንራድ ሎይፐርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባቤተ፣ በመጋቢት ወር 1938 በፊዩርት ከተማ፣ ወንዝ ዳር ባለ ጠባብ ቤት ተወለዱ። እናታቸው ያወሩ እንደነበረው፣ ሕፃኑ ኤግበርት መጫወቻ ሲሰጣቸው አይጫወቱበትም፤ አገላብጠው እንከን ይፈልጉለታል። ይህ ጠባይ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

የዓለም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው፣ በ1952 ከቀለጠ እርሳስና ቆርቆሮ ትንንሽ ምስሎች የሚሠሩበት ወርክሾፕ ገቡ። ወታደሩ፣ ዝይ ሻጯ፣ የሠርጉ ሙዚቀኛ፣ ሁሉም ከአውራ ጣት አይበልጡም። ከቅርጽ ማውጫው ድንጋይ ሲወጡ በጎናቸው ስፌት የመሰለ መስመር፣ በእግራቸው ሥር ትርፍራፊ ይዘው ነው። አቶ ኤግበርት መስመሩን በስለት ይፍቃሉ፣ በቀጭን ሞረድ ያለሰልሳሉ፣ በሳሙና ውኃና በጥርስ ብሩሽ አጥበው ጨርቅ ላይ ያደርቃሉ። ከዚያ ቀቢዎቹ ይረከባሉ። ያጸዳ አይቀባም፣ የቀባ አያጸዳም፤ የቤቱ ደንብ ይኸው ነበር። አቤት ያ ጊዜ! መስኮቱ በእንፋሎት ተጋርዶ፣ ራዲዮው እያዜመ፣ የገና ገበያ ሲቃረብ ሁሉም እየተጣደፈ። ሕንፃው ዛሬ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ከቀቢዎቹ አንዷ ወይዘሪት ኩኒጉንዴ ነበሩ። አንድ ወታደር ይዘው መጥተው፣ “ሞርደህ ሞርደህ አፍንጫውን ጨረስከው፤ አሁን በምኑ ይተንፍስ?” ብለው ሲያፋጥጧቸው ነው ትውውቁ የጀመረው። በ1963 ተጋቡ። በ1966 ልጃቸው ሮስቪታ ስትወለድ፣ አባት ጆሮዋን፣ አገጯን፣ የእግሯን ጣቶች አገላብጠው አይተው፣ “ይቺስ ሞረድ አያስፈልጋትም” አሉ። አዋላጇ ግራ ገባት፤ እናት ግን በሳቅ ፈነዱ።

ወርክሾፑ በ1989 ሲዘጋ ባልና ሚስቱ ሥራውን ወደ ማዕድ ቤታቸው አመጡት። ከጠረጴዛው ወዲህ ጫፍ እሳቸው ያጸዳሉ፣ ከወዲያ ጫፍ ወይዘሮ ኩኒጉንዴ ይቀባሉ። ሮስቪታም ከእናቷ ጎን ሆና ቀለሙን ተማረች። እኛ ዘመዶች እሑድ ለምሳ ስንሄድ ሳህናችንን የምናስቀምጥበት ቦታ አጥተን፣ በጉልበታችን ላይ የበላንበት ጊዜ ብዙ ነው። ወይ ጉድ፣ ያን ማዕድ ቤት የማይናፍቅ ከእኛ ማን አለ?

ወይዘሮ ኩኒጉንዴ በኅዳር 2011 አረፉ። የመጨረሻ ሥራቸው የገጠር ሠርግ አጀብ የሚያሳዩ ትንንሽ ምስሎች ነበሩ፤ ሳይጨርሷቸው ቀሩ። በጸደይ ወራት አቶ ኤግበርት ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ፣ የሙሽራዋን ሠረገላ የሚጎትቱትን ፈረሶች ቀለም ተቀብተው አገኟቸው። ቀለሙ ከልጓሙ አልፎ ፈስሷል፣ ዓይናቸው ተዘበራርቋል። ልጃቸው የእናቷን ሥራ ነካክታ ያበላሸችው መሰላቸው፤ ቆሽታቸው አረረ። ጠይቀው ነገሩን ማጣራት ሲገባቸው፣ ፈረሶቹን ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ነከሩ፤ ፈቅፍቀው፣ አጥበው፣ እንደ ወጉ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው።

እሑድ ሮስቪታ መጣች። “አባዬ፣ ፈረሶቹን ምን አደረግሃቸው?”

“አጸዳኋቸው። የእናትሽንና ያንቺን እጅ መለየት ያቃተኝ መሰለሽ?”

“እኔ አይደለሁም። እማዬ ናት የቀባቻቸው። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አንተ እንዳታይባት ገበያ ስትወጣ እየጠበቀች ነበር የምትቀባቸው።”

ለሰው ዕቃ እንከን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው፣ የሚስታቸውን የመጨረሻ የእጅ ሥራ በገዛ እጃቸው አጥበው ደፉት። ከዚያች ቀን በኋላ ሞረድ አልጨበጡም። ሮስቪታም ለብዙ ወራት እሑድ መምጣቷን ተወች፤ ተቆጥታለች፣ ደግሞም አዝናለች። በመጨረሻ ራሷ ተመልሳ መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። አባቷ ፈረሶቹን እንድትቀባቸው ለመኗት፤ “የእማዬን አልመልስልህም፣ አልችልም” አለች። ፈረሶቹ ለዓመታት እንዲሁ ራቁታቸውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ስለ እነሱ ግን ማንም አያነሳም።

ከ2020 ጀምሮ ያደረባቸው ሕመም ጉልበታቸውን እያደከመ፣ እጃቸውን እያንቀጠቀጠ ሄደ። ሮስቪታ ከነፈረሶቹ ቤቷ ወስዳ ስታስታምማቸው፣ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት “ብሩሽ አቀብዪኝ” አሏት። በዕድሜያቸው ሙሉ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነክረው አያውቁም። አንዱን ፈረስ ቡናማ ለመቀባት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ቀለሙ ልጓሙን አልፎ ፈሰሰ፣ ዓይኑም ተዘበራረቀ።

“እንዲህ ነበር የሷ?” ብለው ጠየቋት።

“ልክ እንዲህ ነበር፣ አባዬ” አለች። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያን ለት እራት በደንብ በሉ።

አቶ ኤግበርት ሎይፐርት በየካቲት 9 ቀን 2022፣ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው፣ ልጃቸው አጠገባቸው እንዳለች በሰላም አርፈዋል። ልጃቸውን ሮስቪታን፣ አማቻቸውን ዲትማርን፣ የልጅ ልጃቸውን አኔግሬትን፣ እንዲሁም ሲቆጧቸውም ሲያስቋቸውም የኖሩትን የእህትና የወንድም ልጆች ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበልልን፤ ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ሮስቪታ ያን ፈረስ ምንም ሳታስተካክለው በኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ አድርጋላቸዋለች። ሚስታቸውን ሲያገኙ የሚያሳዩዋቸው ነገር ይዘው ሄደዋል።