ሆድ ያወጣው ግድግዳ

ሰኞ

ሰውየው ምንም አላማረኝም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ስቀበለው አንዲት ጥቁር ሣጥን ደረቱ ላይ አቅፎ ወረደ። ልያዝልዎት ስለው አሻፈረኝ አለ። ዮናስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የሕንፃ ባለሙያ ነው። የባህል ቢሮ ኃላፊያችን «ከእሱ ጋር ዋዪ፤ የሚሠራውን እያየሽ ትነግሪኛለሽ» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲሰጠኝ ኃላፊያችንንም እጠረጥራለሁ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ቢሯችን ወንበር እንኳ አልተሟላለትም። እኔም ከማስተማር ተዛውሬ ነው የቅርስ ባለሙያ የተባልኩት። ታዲያ አንድ አሮጌ መጋዘን በድንገት እንዲህ የተፈለገው ለምንድነው?

መጋዘኑ ባሮ ዳር ያለው ነው። መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑ በነበረበት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቤት። አሁን ማማ አጁሉ ብቻቸውን ይኖሩበታል፤ ደረቅ ዓሣ እየሸጡ። ዮናስ እንደደረሰ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጥፍ ጀመር። ከዚያ ከሣጥኑ ካሜራ አውጥቶ ፎቶ። ትንሽ ፈቀቅ ይልና ያንኑ ግድግዳ። ደግሞ ፈቀቅ፣ አሁንም ያንኑ! ወንዙን ዞር ብሎ አላየውም። ሰው ሲያልፍ «እባካችሁ ገለል በሉልኝ» ይላል። ሰው የሌለበት ቤት ፎቶ ለምን ይፈለጋል? ለገዢ ለማሳየት ካልሆነ በቀር።

ማክሰኞ

ወረቀቶቹ የሉም። አንድም!

ዮናስ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ማማ አጁሉን ጠየቃቸው። ዓሣቸውን እያገላበጡ «አላየሁም» አሉ። እኔ ግን ምድጃቸው አመድ ውስጥ ያልነደደች የወረቀት ጥግ አይቻለሁ። እሱ ራቅ ሲል «ማማ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። መንገድ ዳር ቤቶቹን ቀይ ቀለም ቀቡ። ከዚያ ግሬደር መጣ። ይሄም ያው ነው። ቀዩ ጥቁር ሆነ እንጂ።»

ምን ልበላቸው? እኔም የማስበው ያንኑ ነው።

ዮናስ ሌላ ወረቀት አውጥቶ እንደገና ለጠፈ። ሥራው ምን እንደሚባል ስጠይቀው «ፎቶግራሜትሪ» አለኝ። አስደገምኩት። ካሜራው ዲጂታል ነው፤ ፊልም የለውም። አንድ ነጥብ ከተለያየ ቦታ ፎቶ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነጥቡ የት እንዳለ ያሰላል፤ ሜትር ሳይዘረጋ ቤቱ በሙሉ ይለካል አለኝ። ወረቀቶቹ ለዚያ ምልክት ናቸው። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም። ፊልም የሌለው ካሜራ!

ረቡዕ

የፈራሁት ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊያችንና ዮናስ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ከአንድ እንግዳ ጋር ተቀምጠው አየኋቸው። እንግዳው ባሮ ዳር ሆቴል ሊሠራ ቦታ የሚፈልግ ባለሀብት ነው ይባላል። በአጠገባቸው ሳልፍ ኃላፊያችን «አንተ ብቻ አይጠገንም በለኝ» ሲል ሰማሁ። የዮናስን መልስ አልሰማሁም። ሲያዩኝ ሦስቱም ብርጭቋቸውን አነሱ።

እንግዲህ፦
ባለሀብቱ ቦታ ይፈልጋል።
ኃላፊያችን ቦታውን ሊያጸዳለት ይፈልጋል።
ዮናስ ከሁለቱም ጋር ቢራ ይጠጣል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ ብቻ ሲያነሳ ዋለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ጥላ አልፈለገም። «ምን አገኙ?» ስለው «ሳላረጋግጥ አልናገርም» አለኝ። የደበቀው ነገር አለ።

ሐሙስ

አላስቻለኝም። ቢሮ ውስጥ ብቻውን ሳገኘው በሩን ዘግቼ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ቤቱን ሊያስፈርሱ ነው የመጡት?»

አልተቆጣም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። መጋዘኑ በመስመር ተስሎ ቁጭ ብሏል። እጁ ላይ እንዳለ ዕቃ አገላበጠልኝ፤ ከጣሪያ አየሁት፣ ከጓሮ አየሁት። በጎን ሲያዞረው ግን ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ወደ ወንዙ ጎብጧል።

«ሆድ አውጥቷል» አለ። «ልስኑ ስለሸፈነው በዓይን አይለይም። ዝናቡ ከጠና አይቆይም።»

ማማ አጁሉ አልጋቸው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«ለኃላፊሽ ብነግረው በአንድ ግድግዳ ሰበብ ቤቱን በሙሉ ያፈርሰዋል። ዝም ብል ደግሞ ሴትየዋ ላይ ይወድቃል። መላው ጠፍቶኝ ነው።»

አመንኩት? ግማሽ በግማሽ። ውሸታም ሰው ግን እንዲህ አይጨነቅም መሰለኝ።

ዓርብ

አብረን ሄደን ነገርናቸው። ማማ አጁሉ ሳቁ። የደስታ ሳቅ አይደለም።

«አሁን ደግሞ ግድግዳው ታመመ አላችሁ?»

ዮናስ መሬት ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን አሳያቸው። በሩን ራሳቸው አገኙት። መስኮቱንም። የጎበጠው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ዕቃህ ሐኪም ነው?»

«ሐኪም እንኳ አይደለም፣ እናቴ። ያየውን ነው የሚናገረው።»

«እንዲያይ ማን አዘዘው?»

ጥያቄው ይሄ ነበር! ዮናስ አንገቱን ደፋ። «ኃላፊው ናቸው የጠሩኝ። አይጠገንም በል ብለውኛል። አላልኩም።»

ትክ ብለው አዩት። እኔንም አዩኝ። በመጨረሻ «ከቤቴ አልወጣም» አሉ። «አልጋዬን ግን አነሳለሁ።»

አልጋውን ሦስታችን ተሸክመን ወደ መንገዱ በኩል አሻገርነው። ከባድ ነው፤ ወገቤን ያመኛል።

ቅዳሜ

ጠዋት ዝናቡ ወረደ፤ እንደ ጋምቤላ ዝናብ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። ገበያ ነበርኩ። ሰው ወደ ባሮ ሲሮጥ አይቼ ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ የለም። ድንጋይ ብቻ። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። አልጋው የነበረበት ቦታ አይታይም።

ማማ አጁሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ በስብሰዋል፣ ድስት ታቅፈዋል። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል ቲቸር? ከሥር የቀረው ዓሣው ነው። እሱ ድሮም ሞቷል።»

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊያችን በባለሀብቱ መኪና መጣ። ተረፉ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። «አለቀለት» አለኝ። «ሰኞ ስለ ቤቱ ስብሰባ አለ፤ አይጠገንም ብለሽ ታስረጃለሽ።»

ዮናስ ቀደመኝ። «ሦስቱ ግድግዳዎች ደህና ናቸው። የወደቀውም ድንጋዩ የት የት እንደነበረ ተለክቶ ተይዟል። እንደነበረ መልሶ መሥራት ይቻላል።»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

«እኔም ስብሰባው ላይ የምለው እሱ ያለውን ነው» አልኩ። ኃላፊያችን እንደማያውቀኝ ሰው አየኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

እሑድ

ዮናስ ሄደ። ፎቶውንና ልኩን በዲስኬቶች ገልብጦ ሰጠኝ። ሌላው ቅጂ እሱ ጋ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ለማን ይሰጠው ይሆን? ባለሀብቱ እዚያም ሰው አያጣም። ይህን ሳስብ ደግሞ አፈርኩ፤ ትናንት ኃላፊያችን ፊት ለማማ አጁሉ ቤት የተከራከረ እሱ ነው። ያም ሆኖ ዲስኬቶቹን ቢሮ አላስቀመጥኩም።

ማማ አጁሉ እኔ ቤት ናቸው፣ ኒውላንድ ሠፈር። ከጸሎት ቤታቸው እንደተመለሱ ነገ ስብሰባው ላይ እመጣለሁ አሉ።

«አልተጠሩም እኮ፣ ማማ።»

«ትናንት አንቺን ጠርተውሽ ነው የተናገርሽው?»

ነገ ኃላፊያችን ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ ምናልባት ወደ ማስተማር እመለስ ይሆናል፤ ምናልባት ወደ ሩቅ ወረዳ። ማማ አጁሉ ግን ለነገ የሚለብሱትን ቀሚስ አጥበው ግቢዬ ውስጥ አስጥተዋል። ሰማዩ ከወደ ኢታንግ ጠቁሯል። ልሂድ፣ ሳይረጥብ ላስገባላቸው።