ቀበቶዬና የእትዬ ሙሉ ጉርሻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ስኳርህ ከፍ ብሏል ከተባልኩ ወዲህ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ሱቄ በእግሬ ነው የምመጣው። ዛሬ ጠዋት ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አጠበቅኩ። ደስታዬ ግን ከምሳ አላለፈም። ጎረቤቴ ባለሱቋ እትዬ ሙሉ ግማሽ እንጀራዬንና ጎመኔን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

«ልጄ፣ ከስተህ አለቅህ እኮ! ምን ነካህ?»

«ሐኪም አዞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሐኪም ረሃብ ያዛል እንዴ?»

ከራሳቸው ክትፎ በቆጮ ጠቅልለው አፌ ላይ ደቀኑት። «በሞቴ!»

እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ጎረስኩ። ቅዳሜ ደግሞ ጨምረው ሊያመጡልኝ ነው። ብከለክላቸው ይቀየሙኛል፤ እዚህ ገበያ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሞቴ የሚሉት እሳቸው፣ የምሞተው እኔ።