ልጅዎ የት እንደሚውል ስለ ማወቅ፦ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ለጓድ ደበሳ አራርሳ፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
መቱ፣ ኅዳር ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነትን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ፤ ዘንድሮ አልቆም ያለው የመቱ ዝናብ ያመጣብን ጉንፋንም የእርስዎን ደጅ ሳይረግጥ እንዲያልፍ እጸልያለሁ። በእኔ በኩል ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የታመመው ባለፈው ሚያዝያ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ቆሜ በመሰንበቴ ነው እንጂ በእርስዎ ላይ አንዳች ቅሬታ ኖሮት አይደለም።

ባለፈው ሰኞ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ መነጽሬን ደጋግሜ ወልውዬ አነበብሁ። የቀበሌው ሕፃናት «አፈሳ» የሚባል ነውጠኛ ጨዋታ በእንጨት ጠመንጃ እንደሚጫወቱ፣ ይህም የብሔራዊ ውትድርናን ክብር እንደሚነካ ካተተ በኋላ፣ «ማንኛውም ወላጅ ልጁ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚጫወትና በምን እንደሚጫወት የማወቅ ኃላፊነት አለበት» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ባለቤቷና ማሰሪያ አንቀጿ የተስማሙላት፣ እንከን የማይወጣላት ናት። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምርዎ ከእርስዎ ጠብቄ ያጣኋት ዓረፍተ ነገር እነሆ በጡረታዬ ዘመን ደረሰችኝና ኮራሁ።

ማኅበራችን ሂስና ግለ ሂስን እንደሚያበረታታ በየስብሰባው ስለሚነገረን፣ መልሴን ከማስታወቂያው ሥር በዚያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሐሳቤን በተራ ቁጥር ያቀረብሁትም፣ ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ካለፈው ልምዴ በመረዳቴ ነው፤ ያለውም እንደማይነበብ ባልዘነጋም።

አንደኛ። ማስታወቂያው ጨዋታውን በጥቅሉ «ነውጠኛ» ብሎ አልፎታልና፣ ሥራ በዝቶብዎት ቆመው ለማየት ስላልታደሉ እኔ ከአጥሬ ሥር ተቀምጬ ያየሁትን ላስረዳ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ይሰበሰቡና እኩሌቶቹ ገበያተኞች፣ እኩሌቶቹ ያዦች ይሆናሉ። ገበያተኞቹ ጭቃውን ቡና ነው እያሉ በቅጠል ሲሸጡ፣ ያዦቹ መንገዱን ከላይም ከታችም ይዘጉታል። ፊሽካ ይነፋል። የተያዘው ሁሉ በአጥሩ ጥግ ይሰለፍና ቁመቱ በእንጨት ጠመንጃ ይለካል፤ ከአፈሙዙ ያለፈው «ደርሷል!» ተብሎ መኪና በተባለው የወደቀ ግንድ ላይ ይጫናል። ትንንሾቹ ሴቶች እናቶች ናቸው፤ ድርሻቸውም ከግንዱ ኋላ እየሮጡ መጮህና ቆሎ ነው ያሉትን ጠጠር መወርወር ነው። በቀደም ዕለት አንዲቱ «እናት» በጨዋታው መካከል የእውነት ልቅሶ ጀምራ፣ ጓደኞቿ «ኧረ በቃሽ፣ መኪናው ሄዷል እኮ!» እያሉ ሲያባብሏት ሰምቻለሁ። ከዚህ በቀር በጨዋታው ማንም አይመታም፤ ማንም አይሞትም፤ ሲመሽም የተያዙት ሁሉ እራታቸውን ሊበሉ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጨዋታውን ከተቀዳበት ነገር ጋር ሳስተያየው እጅግ የዋህ ሆኖ አግኝቼዋለሁና፣ የልጆቹን ጉድለት በይቅርታ እንዲያልፉላቸው እለምናለሁ። ገና ልጆች ስለ ሆኑ ሥራውን አልተካኑትም።

ሁለተኛ። ማስታወቂያው ወላጆች ለልጆቻቸው የጦር መሣሪያ አምሳያ አቅርበዋል ሲል ይወቅሰናል። ወቀሳውን በትሕትና ተቀብያለሁ። ሆኖም ለአብዮት በዓል ሰልፍ እያንዳንዱ ልጅ የዋንዛ ጠመንጃ አንግቦ እንዲወጣ ያዘዙት፣ አናጢውንም በአዳራሹ በረንዳ ላይ አስቀምጠው ያሠሩት እርስዎ እንደ ነበሩ የሚያስታውሱ፣ የማስታወስ ክፉ ልማድ የተጠናወታቸው ጎረቤቶች አሉኝ። ልጆቹ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሡ ከመድረኩ ላይ ቆመው አጨበጨቡላቸው፤ በመስከረም የተጨበጨበለት ነገር በኅዳር ጥፋት እንደሚሆን ግን አልነገሯቸውም። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን መፈክር በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፉትም ለአዋቂዎች ብቻ ከሆነ፣ ከልጆች ዓይን ከፍ ተደርጎ መጻፍ ነበረበት። ያም ሆነ ይህ የእንጨት ጠመንጃዎቹን ሰብስበው በአዳራሹ ፊት ስላቃጠሉልን ከልብ አመሰግናለሁ። የብረቶቹም ግድግዳውን ተደግፈው ያንን እሳት ሲሞቁ አይቻለሁ።

ሦስተኛ። «የነውጡ መሪ» ተብላ በአብዮት ጥበቃ ጓዶች ታጅባ ጽሕፈት ቤትዎ የቀረበችው ተከሳሽ የልጄ የትብለጥ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ተጂቱ ዶሪ ናት። አባቷ ዶሪ በዳሪሙ ቡና ሲገዛ ኖሮ በወባ ከሞተ ወዲህ እናቲቱም ልጆቹም ከእኔ ጋር ስለሚኖሩ፣ ማስታወቂያው «ወላጅ» ሲል በዚህ ቤት እኔን ማለቱ ነው። እኔም ስጠራ መጥቼ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር። እርስዎ ከወንበርዎ ጎንበስ ብለው፣ «ነይ እስቲ ሚጡ፣ ይህን ጨዋታ ማን ነው ያስተማረሽ?» ሲሉ በአባትነት ለዛ ጠየቋት። ልጅቱም ትክ ብላ አይታዎት፣ «ጋሼ ደበሳ፣ ረሱት እንዴ? ፊሽካውን የነፉት እኮ እርስዎ ነዎት!» አለችዎት። ጓዶችዎ የጣራውን ቆርቆሮ ያጠኑ ጀመር። ስለ ድፍረቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለትልቅ ሰው እውነት በዚያ ፍጥነት እንደማይነገር ከአሁን ቀደም አስተምሬያት ነበር።

እርስዎ ቢለቋትም እኔ አልለቀቅኋትም። ቤት እንደ ገባን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሁልጊዜ ከያዦቹ ወገን ካልሆንሁ ብላ እንደምታስቸግር ከጎረቤት ሰምቼ ኖሮ፣ «ወንድምሽ ተወስዶብሽ ሳለ አንቺ ያዥ መሆን እንዴት ያምርሻል?» ብዬ ቆጣሁባት። በእኔም ላይ ያንኑ የግርምት ዓይኗን አፈጠጠችና፣ «አባባ፣ ያዥ ካልሆንኩ እንዴት ልለቀው?» አለችኝ።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። በየጨዋታው ከገበያተኞቹ አንዱ ልጅ በወንድሟ ስም «ኩማ» እንዲሆን ይመረጣል። ተጂቱ ከሌሎቹ ያዦች ቀድማ ትደርስና አንገትጌውን ጨምድዳ ትይዘዋለች፤ በጆሮውም «ፊጊ» ትለዋለች። ትርጉሙን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ከሸዋ ለመጡ አንባቢዎች ግን «ሩጥ» ማለት ነው። ከዚያም እጇን ትከፍታለች። በዚህ ዓይነት፣ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ ኩማ በእኛ መንገድ ላይ ዘወትር ያመልጣል። ወደ ሶር ወንዝ አቅጣጫ ቁልቁል ሲሮጥ እኔም ከአጥሬ ሥር ሆኜ አየዋለሁ። ማታ ግን ወደ ቤት አይመጣም።

አራተኛ። ከተወሰዱት ልጆች ብዛት የተነሣ ኩማ የትኛው እንደ ነበረ ተምታቶብዎት እንደ ሆነ ላስታውስ። ኩማ ዶሪ የተጂቱ ታላቅ ወንድም፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ሚያዝያ በገበያ ቀን እናቱ ከኅብረት ሱቁ ጨው እንዲያመጣ ልካው ሳለ መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘጋ፤ ፊሽካው ተነፋ፤ ከጓዶችዎ አንዱ በጠመንጃው ለካውና «ደርሷል!» አለ። ልጅ ቁመቱን ከአባቱ ወርሶ መወለዱ እንደ ዕድሜ ተቆጠረበት። እኔም የትምህርት ቤቱን ማስረጃ፣ የክርስትናውንም ምስክርነት ይዤ በደጅዎ ቆምሁ። ወረቀቶቼን በሁለት እጅዎ መቀበልዎን አልረሳም፤ ትሕትናን ያስተማርሁዎ እኔ ነኝና። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሼ፣ ኩማ ከዛሬ ጀምሮ የእናት አገር ልጅ ነው። ኃላፊነቱ የእኛ ነው። እርስዎ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።» መኪናው በበደሌ መንገድ ሄደ። እኔም ለማረፍ ሞክሬአለሁ።

እንግዲህ ማስታወቂያዎን ከዚህ ቃልዎ ጋር አስተያይቼ ሳነብበው፣ ሁለታችንንም እኩል እንደሚመለከት ተገነዘብሁ። እኔ የተጂቱ ወላጅ ነኝ፤ እርስዎ የኩማ ወላጅ ነዎት። የእኔን ግዴታ አስቀድሜ ልፈጽም። ልጄ የምትውለው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። የምትጫወተው ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው። የምትጫወተውም፣ ጠመንጃዋን ካቃጠሉባት ወዲህ፣ በባዶ እጇ ነው፤ ለመልቀቅ ከእጅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም ትላለች።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ልጅዎ የት ይውላል? ከማን ጋር ይውላል? በምንስ ይጫወታል? ከወጣበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልደረሰንምና፣ ወላጁ እርስዎ ሲሆኑ እኔ መጠየቄ ጣልቃ ገብነት እንዳይመስልብዎት እፈራለሁ። ልጁን በቅርብ ስለ ወሰዱት ጠባዩን ገና አላጠኑት ይሆናልና፣ ለወላጅ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁምዎት። በርበሬ የበዛበት ወጥ አይስማማውም፤ አፍሮ አይናገርም እንጂ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሲያነብብ ካልሆነ በቀር ጸጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም። እንዲህ ቁመቱን ሲያዩት አይመስልም እንጂ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ እስከ አሁን ድረስ ሁለት ጆሮዎቹን በሁለት እጆቹ ይይዛል። እዚህ መቱ ሰማዩ ሲያጓራ እህቱ ናት «አለፈ» የምትለው። አሁን ባለበት ቦታ ሰማዩም ምድሩም ሲያጓራ ጆሮውን የሚይዝበት እጅ ነጻ ነው ወይ? «አለፈ» የሚለውስ ማን አለ? ኃላፊነቱ የእርስዎ ነውና ይህን ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ግዴታ ወረቀቱም አልዘነጋሁም። እሑድ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጁ ዳግመኛ ይህን ጨዋታ እንደማይጫወት ያልፈረመ ወላጅ ከኅብረት ሱቁ ሸቀጥ እንደማያገኝ አስጠንቅቀዋል። እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከእኔ ስም በላይ፣ እርስዎ ስለ ኩማ ይፈርሙልኝ፤ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋርና በምን እንደሚጫወት አውቃለሁ ብለው። እኔም ከእርስዎ ፊርማ ሥር ስለ ተጂቱ እፈርማለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ሸቀጡ ይቅርብን። ከሱቅዎ የሚቀርብን ጨው እንደ ሆነ፣ ትብለጥ ያን የሚያዝያውን ጨው ገና እየጠበቀች ነው፤ ልጁ ይዞት ሳይመጣ ሌላ አልገዛም ብላ ከጎረቤት እየተበደረች ታበስላለች።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ በእርጅናዎ ጊዜ በበር ላይ ቆመው የሚጠይቁት ሰው እንዳይኖር፣ ልጆችዎም ሁሉ ወላጃቸውን አንድ ብቻ አድርገው እንዲያድጉ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በማስተማር ያልተሳካልኝን በማስታወስ እንዲሳካልኝ የምጥር፣

የቀድሞ መምህርዎና የሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ወልደአማኑኤል ፍስሐ
የተጂቱ ወላጅ፤ የኩማም ወላጅ የነበርሁ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የጨዋታው አንድ ሕግ እንዳመለጠኝ ተረዳሁ። ትንሹ ልጅዎ ሁንዴሳም ከእነዚሁ ልጆች ጋር ይጫወታል። ፊሽካው ሲነፋ ሌሎቹ ይሮጣሉ፤ እሱ ግን በመንገዱ መካከል ቆሞ ይቀራል፤ ያዦቹም በግራና በቀኝ አልፈውት ይሄዳሉ። ለምን እንደማይይዙት ብጠይቃቸው፣ «እሱማ አይያዝም!» ብለው በአንድ ድምፅ መለሱልኝ፤ ሕጉን አለማወቄ አስገረማቸው። ትናንት ልጅዎ «እኔንም ያዙኝ እንጂ! አንድ ቀን እንኳ!» እያለ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። አባብዬ ወደ ቤት ሰድጄዋለሁ። ልጆቹንም ያዙት ብዬ አልመከርኋቸውም፤ በጨዋታም ቢሆን የሰው ልጅ ይያዝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።