ሩቲን በሚለው ዐምድ ሥር

ሆሳዕና፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ይህ ጽሑፍ በዱራሜ ከተማ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ለምታስተምረው ለታናሽ ወንድሜ ይድረስ። የምጽፍልህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነፍቺውና ከነአገባቡ እንድታስረዳኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትህ? ደረትህን ይዞህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ልጆችህስ? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለቤቴ እልፍነሽም ደኅና ናት፤ በሞርሲቶ መንገድ ያለች አንዲት ታማሚ ለመጠየቅ ረቡዕ ረቡዕ ትወጣለች እንጂ በሌላው ቀን ከቤት አትታጣም። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። በዚህ ዘመን ፖስታ ከላኪውና ከተቀባዩ ሌላ አንባቢ አለው ይባላል። ስለዚህ ወደ ዱራሜ ገበያ በሚወርደው ነጋዴ በቸኮል እጅ ሰድጄዋለሁ፤ ማሸጊያው ተነክቶ እንደ ሆነ በመልስህ ንገረኝ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ብሩ፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠርሁት፣ በታኅሣሥ መግቢያ አስጠርቶ አንድ ቅጽ ሰጠኝ። «የእጅ ጽሑፍዎ እንደ ማተሚያ ነው፣ የኔታ፤ በመስመርዎ ያሉትን ሰባት ቤቶች እርስዎ ይሙሉልን» አለኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ የሚሉትን አልፌ ከመጨረሻው ዐምድ ብደርስ «ሩቲን» ይላል። ምንድር ነው ብለው፣ «ልማድ ነው፤ ሰው ሳያቋርጥ የሚያደርገው። መቼ ወጣ፣ መቼ ገባ፣ ማን መጣበት» አለኝ። እኔ ግን ልማድ ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ መሆኑን ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰው ጠዋት ፊቱን መታጠቡ ልማድ ነው፤ ማዕድ ሳይባርክ አለመቁረሱ ሥርዓት ነው። ሁለቱን በአንድ ዐምድ የሚያጉር ቃል አላማረኝም። የሰው ፊት መታጠብስ ለቀበሌ ምን ይጠቅመዋል?

ስድስቱን ቤት ሞላሁ። ሰባተኛው ከእኔ ጋር በአጥር የሚዋሰነው የልብስ ሰፊው የኤሊያስ ቤት ነው። የጴንጤ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። ሚስቱ ጣቢታ ግን ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ እኔ ጾም በምፈታበት ጊዜ፣ ደጇን ለሴቶች ትከፍታለች። ስምንት ይሆናሉ፤ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ የቀርከሃ መፋቂያ ይዘው ይገባሉ። ምን እንደሚሠሩ በአጥር ላይ ሆኜ ብጠይቃት፣ «እንሰት እንፍቃለን እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለን፣ የኔታ? ከፈለጉ ይግቡ፤ ትርፍ መፋቂያ አለ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሴቶቹም አጀቧት። እንሰት በሚፋቅበት ወንድ ዝር እንደማይል ታውቃለች፤ ግብዣዋ በር መዝጊያ ነበር።

የሰሜን ሰው ነኝና የእንሰትን ነገር አላውቅም፤ መቁጠር ግን አውቃለሁ። በጓሯቸው ዐሥራ አራት እግር እንሰት ቆሞ ነበር። በሁለተኛው ረቡዕ ዐሥራ አራት፤ በሦስተኛውም ዐሥራ አራት። የሚፋቅ እንሰት አስቀድሞ ይቆረጣል።

በአራተኛው ረቡዕ እንጀራዬን ሳልቆርስ አጥሩ ሥር ቆምሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ሆኖ በመገኘቱ ደስ አለኝ፤ ብዕሬን ላነሣም ዞርሁ። ያን ጊዜ ከድምፆቹ አንዱን ለየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት በቤቴ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከዚህ የሚበልጥ አልጽፍልህም።

እልፍነሽ ስትመለስ፣ ታማሚዋ እንዴት እንደ ዋለች ጠየቅኋት። ነጠላዋን እያጠፈች፣ «ዛሬስ ቀለል ብሏታል» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅሁም። እኔ ሳልጠይቅ የማልፍ ሰው ነበርሁን?

ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን በእንዲህ ያለ ወረቀት የተወሰደ ሰው እስካሁን አልተመለሰም። ቅጹ ደግሞ ለዓርብ ይፈለግ ነበር። በኤሊያስ ቤት አንጻር፣ «ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሴቶች እንሰት ለመፋቅ ይገባሉ» ብዬ ጻፍሁ። የአንዲቱንም ስም አላነሣሁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ ቃል በባለቤቶቹ ዘንድ የሚደረገውን ብቻ ይጠይቃል ወይስ ለምን እንደሚደረግም? ምክንያቱን ካልጠየቀኝ፣ «እንሰት ለመፋቅ» የሚለውን በገዛ ፈቃዴ የጨመርሁ እኔ ነኝ። ከጠየቀኝም፣ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ። በሁለቱም አላመልጥም፤ ቢሆንም ንስሐ ስገባ የትኛውን እንደምናዘዝ ማወቅ እሻለሁ። ወረቀቱን ግን አላስመልስም።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ስምህንም ከማይገባው መዝገብ ያርቅልህ።

ታላቅ ወንድምህ

ከፈረምሁ በኋላ አንድ ነገር መደበቄ ከነከነኝ። ቅጹን ሳስረክብ ብሩ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከኤሊያስ ቤት ሲደርስ ጣቱን እዚያ አሳርፎ መስመሩን እንደገና አነበበው። ከዚያም ማኅተሙን መታበትና እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ማንንም ሸኝቶ አያውቅም። ወጥመድ ይሁን ምስጋና መለየት አቅቶኛልና አንተ መዝነው ብዬ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍርልሃለሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «የኔታ፣ እናቴን ስላልጻፉብኝ እግዜር ይስጥልኝ።»